አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና በሚጠጣበት ቤት ስለ አንድ መርማሪ ፖሊስ ይወራ ነበር። የያዘው የዘረፋ መዝገብ ተጣርቶ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊሄድ ሲል የቤቱ መስኮት በሌሊት በድንጋይ ተሰበረ። ከዚያም ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጁን የማታውቃቸው ጎረምሶች መንገድ ላይ አስቁመው «ለአባትሽ ሰላም በይልን» አሏት። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። አንድ ጎልማሳ ግን «ምን ይደረግ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ ሚስቱም ፖሊስ ስታገባ ይህን ማወቅ ነበረባት» ሲል ደመደመ፤ ተቃውሞ የተናገረ አልነበረም። በዳይን እንዲያሳፍር የተፈጠረ ተረት የተበዳይን ሚስት ዝም ለማሰኘት ዋለ። ይህ አጠቃቀም እየተለመደ ስለመጣ ነው የምጽፈው።

ተረቱን በወጉ ለመረዳት አህያ ሲጫን ማየት ያስፈልጋል። ያደግሁት በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ በቃሉ ወረዳ ገጠር ነው። የገበያ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ወንድ አያቴ ማሽላውን በቁና እየሰፈረ ወደ ስልቻ ይገለብጣል፤ ሴት አያቴ ደግሞ የስልቻውን አፍ ይዛ ትቆጥራለች። ዳውላ የብርቱ አህያ ሙሉ ጭነት ተብሎ የሚታሰብ፣ በብዙ ቦታ በ20 ቁና የሚሰፈር ነው። ወደሉ ጀርባው ላይ አሮጌ ቁርበት ይነጠፍለታል። ከዚያ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ሆነው ጭነቱን እኩል ያነሳሉ፤ አንደኛው ከቀደመ ጭነቱ ያጋድላል። መጫኛው በሆዱ ሥር ዞሮ ይጠብቃል። ብልጥ አህያ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል፤ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ይተነፍሰዋል፣ መጫኛውም ይላላል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ነጂ ከሰፈር እንደወጣ ቆም ብሎ ደግሞ ያጠብቃል።

ዳገት ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲንሸራተት አህያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የነጂው ማንነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደፋሩ ወደ ፊት አልፎ አንገቱን ይይዛል፣ ትከሻውን ከጭነቱ ሥር ያስገባል፣ መጫኛውን ፈትቶ ደግሞ ያስራል። ርግጫ የፈራው ግን ራቅ ብሎ ቆሞ በረጅም ዱላ ስልቻውን ይቀጠቅጣል። ጧ ይላል፣ አቧራው ይቦናል፤ አህያው ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም።

አንድ የጎረቤት ጎረምሳ የእኛን ወደል ሲነዳ እንዲህ አደረገና ስልቻው ተቀደደ፤ ማሽላው በመንገዱ ላይ ፈሰሰ። አያቴ ነጠላዋን ዘርግታ ተንበረከከች፤ ከአሸዋው እየለየች ማፈስ ጀመረች። ቀና ብላ ሳታየው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች። ልጁ ዱላውን ጥሎ አጠገቧ ተንበረከከ። የተመታው የእኛ የክረምት ቀለብ ነበር፤ አህያውማ ጭነቱ ቀለለለት።

ይህ ተረት የተወለደው በወሎ ዳገት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከተቀመጠችው ደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት እግረኛና ጭነት የሚሄዱት በገደል አፋፍ በሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነበር። የባቲን ሰኞ ገበያ ብለው ከደጋ የሚወርዱ፣ ጨው ይዘው ከቆላ የሚወጡም እንዲሁ ዳገትና ቁልቁለት ለምደዋል። የሸዋ ወዳጆቼ «አህያ ሜዳ ላይም ይራገጣል» ብለው ይከራከሩኛል። ይራገጣል፤ ግን ሜዳ ላይ ዞሮ ከፊት መያዝ ይቻላል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ግድግዳ የሆነ ዳገት ላይ ነጂው ያለው ከኋላ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያሉት ኮቴዎቹ ናቸው። አልፎ ለመያዝ ድፍረት ይጠይቃል። ፍርሃትን በዚህ ልክ የሚያጋልጥ ቦታ ሌላ አላውቅም፤ ተረቱም ከዚያ ሌላ ቦታ ይወለዳል ብዬ አላስብም።

ወደ መርማሪው ልመለስ። የምርመራ መዝገብ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ፖሊስ ቃል ይቀበላል፣ ማስረጃ ያሰባስባል፣ ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፋል፤ ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ፣ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው። መርማሪው ቢታመም ወይም ቢዛወር ሌላ ይተካዋል። እንግዲህ ያ ድንጋይ ያገኘው መስኮቱን፣ የሚስቱን እንቅልፍና ልጅቷን ብቻ ነው። ሕግ አውጪውም ይህን የበቀል መንገድ ያውቀዋል፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ጥበቃውን ለቤተሰብም የዘረጋው ለዚህ ነው።

«ቤተሰብን መበቀልማ የቆየ ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ። ደም መመለስ በሀገራችን እንደነበረ፣ በወንድም ፋንታ ወንድም እንደተገደለ አልክድም። ነገር ግን በዚያ ክፉ ልማድ ውስጥ እንኳ ሴትና ሕፃን መንካት ነውር ነበር። ወሎ ደግሞ ደምን የሚያደርቅ ሥርዓት አለው። አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ይገባሉ፣ ዱአ ይደረጋል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል፤ በዳይ ጥፋቱን በአደባባይ ይናገራል፣ ካሣውም ይቆረጣል። እንዲህ ባለ ሸንጎ ፊት ቂሙን በልጅ የተወጣ ሰው ዓይኑን ቀና ማድረግ ይከብደዋል። አያቶቻችን ተረቱን የሚያወጡት ለእንደዚያ ዓይነቱ ሰው ነበር።

ዛሬ ግን ወጣቱ «ደካማ ጎኑን አገኙት» ለማለት፣ እንደ ብልሃት እያደነቀ ሲጠቀምበት እሰማለሁ። አለቃውን ፈርቶ በጥበቃ ሠራተኛው ላይ የሚጮኸውንም እንዲሁ «ያው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው» ብለው በሳቅ ያልፉታል፤ ጥበቃው ፊት ቆመው ሳይቀር። ይህ ትክክል አይደለም። ተረቱን የሚያነሳ ሰው ፊቱን ወደ ፈሪው አዙሮ፣ እሱ እየሰማ ይናገረው። ለተመታችው እናትና ለልጇ «አብሽሩ» ማለት ይገባል፤ ጎረቤትም ከሆነ ባሏ ተረኛ በሚሆንበት ሌሊት ቤታቸው ሄዶ ይደር።