ስበትና የጊዜ አካሄድ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ጠፈር

ስበት ጊዜን ያዘገያል። ለመሬት የቀረበ ሰዓት ከፍ ብሎ ከተቀመጠው ይልቅ ቀስ ብሎ ይቆጥራል፤ የሚዘገየውም ጊዜው ራሱ ስለሆነ የአቶም ንዝረትም የልብ ምትም እኩል ይዘገያሉ። አልበርት አይንስታይን ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1907 ቀድሞ አይቶት፣ በ1915 በአጠቃላይ አንጻራዊነት ሙሉ መልክ ሰጥቶታል።

ወሎ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ምድር ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ካለችው ደሴ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ የከፍታው ልዩነት ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 600ን በ9.8 (በመሬት የስበት ፍጥንጥነት) አባዝቶ ውጤቱን ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ማካፈል። የሚገኘው ከ100 ትሪሊዮን 6.5 ያህል ነው። በቀኑ 86,400 ሰከንዶች ሲባዛ፣ የደሴው ሰዓት የኮምቦልቻውን በየቀኑ በ5.7 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ፣ በዓመት ደግሞ በ2 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ይቀድመዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በላይም በታችም ግቢ ስላለው፣ ይህ ጥሩ እድል ነው።

ልኬቱን መሥራት ለሚፈልግ የእጅ ሰዓት አይረዳውም። ተራ የኳርትዝ ሰዓት በወር እስከ 15 ሰከንድ ይዛነፋል፤ ይህ ከሚፈለገው ልዩነት ወደ መቶ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። በሴሲየም አቶም ንዝረት የሚቆጥሩ ጥሩ የሴሲየም ሰዓቶች ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ የትኛው እንደተዛባ ስለማይለይ ሦስትና ከዚያ በላይ ቢሆኑ ይመረጣል። መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ለቀናት አነጻጽሮ የእያንዳንዱን የራሱን መዛነፍ መመዝገብ፣ ከዚያ ከፊሎቹን ወደ ላይ ማውጣት፣ ለቀናት ማቆየት፣ በመጨረሻም መልሶ አንድ ላይ ማነጻጸር ነው። ሥራውን የሚያበላሹት የመብራት መቋረጥ፣ የሙቀት መለዋወጥና በመኪና ጉዞ የሚደርስ ንዝረት ናቸው። በተለይ የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት ካልተጠነቀቁለት ከስበቱ የበለጠ ስህተት ሊያመጣ ይችላል። ባትሪው ለአፍታ እንኳ ከከዳ ቆጠራው ስለሚቋረጥ ከዜሮ መጀመር ግድ ይሆናል።

በዓለም ላይ የተደረጉት ማረጋገጫዎች ብዙ ናቸው። ሳይንቲስቶቹ ፓውንድና ሬብካ በ1960 በሃርቫርድ 22.5 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ላይ በጋማ ጨረር ለክተውታል። ሌሎቹ ሳይንቲስቶች ሃፈሌና ኪቲንግ በ1971 የሴሲየም ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ዓለምን አዙረዋል፤ የዚያ ልኬት ጥራት ሲያከራክር የኖረ ቢሆንም ውጤቱ ከስሌቱ ጋር ገጥሟል። በ1976 ደግሞ ሮኬት አንድ ሰዓት ይዞ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ልዩነቱን በጥራት አሳይቷል።

ጠፈር ላይ ፍጥነትም ስለሚገባበት ሒሳቡ ሁለት ወገን አለው፤ ከፍታ ሰዓትን ያፈጥናል፣ ፍጥነት ያዘገየዋል። በ20,200 ኪሎ ሜትር ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች በስበት መቀነስ በቀን 45.7 ማይክሮሰከንድ ያተርፋሉ፣ በፍጥነታቸው 7.2 ያጣሉ፤ የተጣራው 38.5 ነው። ብርሃን በዚህ ጊዜ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ፣ እርማቱ ባይኖር የርቀቱ ስህተት በየቀኑ በዚያው ልክ በተደመረ ነበር። ለዚህም ሰዓቶቹ ከመምጠቃቸው በፊት ከ10.23 ሜጋ ኸርትዝ በጥቂቱ ዝቅ ብለው ይቃኛሉ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ግን ዝቅ ብሎ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚዞር የፍጥነቱ ወገን ያይላል፤ በዚያ ስድስት ወር የቆየ ሰው ምድር ላይ ከቀረው በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ያነሰ ያረጃል። ሁለቱ ወገኖች የሚተካከሉት 3,200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በጥቁር ጉድጓድ ጠርዝ ላይ መዘግየቱ ወሰን የለውም።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ወሳኙ በቦታው ላይ ያለው የስበት ብርታት ሳይሆን በስበቱ ውስጥ ያለው ጥልቀት ነው። በመሬት እምብርት ላይ ስበት በየአቅጣጫው ስለሚጣፋ ክብደት ዜሮ ይሆናል፤ ሆኖም በመላው መሬት ላይ ሰዓት ከሁሉ ቀስ ብሎ የሚሄደው እዚያው ነው።