ጉዞ የማይችሉ አበቦች፦ የአሜሪካ ትናንሽ የአበባ እርሻዎች

በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች የሚሸጠው አብዛኛው ጽጌረዳ ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር በአውሮፕላን ማያሚ የሚገባ ነው። በ1991 የወጣ ሕግ የእነዚህ አገሮች አበባ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዷል። የሕጉ ዓላማ ገበሬው ኮኬይን የሚሠራበትን ኮካ መትከሉን ትቶ ሌላ ሰብል እንዲይዝ ነበር። ብዙ የአሜሪካ ጽጌረዳ አምራቾች ግን በዋጋ መወዳደር አቅቷቸው ሥራቸውን ዘግተዋል።

ዛሬ እዚያው አገር የበዙት አበባ አምራቾች ሌላ ዓይነት ናቸው። ብዙዎቹ የሚያርሱት ጥቂት ኤከር ወይም የቤታቸውን ጓሮ ነው። ጽጌረዳ ይዘው ከትላልቆቹ ግሪን ሀውሶች ጋር አይጋፉም። እንጀራቸው ያለው ጉዞ በማይችሉ አበቦች ላይ ነው።

ዳሊያን እንይ። ጽጌረዳ በእምቡጡ ተቆርጦ፣ በካርቶን ታሽጎ ቀናት ይጓዛል፤ ውኃ ሲያገኝ ይፈካል። ዳሊያ እንዲህ አይደለም። በእምቡጡ ከተቆረጠ እምብዛም አይፈካም። ስለዚህ የሚቆረጠው ከፈካ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚቆየውም አምስት ቀን ገደማ ነው። አየር ማረፊያና መጋዘን ሲዞር ከከረመ ለገዢው የሚተርፍ ዕድሜ የለውም። ጎረቤት ያለ ገበሬ ግን ማለዳ ቆርጦ በዚያው ቀን ያስረክበዋል። ዳሊያና ኮስሞስ፣ መነሻቸው ሜክሲኮ ቢሆንም፣ የእኛው አደይ አበባ የቅርብ ዘመዶች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ ነው። ቱሊፕ ከበረዶው ክረምት በፊት ተተክሎ በጸደይ ያብባል፤ ብዙዎች ከነሥሩ ነቅለው ብርድ ክፍል ያስቀምጡታል። ፒዮኒ ከተተከለ በኋላ በደንብ እስኪቆረጥ ሦስት ዓመት ገደማ ያስጠብቃል። የሱፍ አበባ በሁለት ወር ይደርሳል፤ ባለ አንድ አገዳው ዝርያ አንዴ ብቻ ስለሚያብብ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ አዲስ ዘር ይዘራል። ዚኒያ መድረሱ የሚታወቀው አገዳውን ይዞ በመነቅነቅ ነው። አንገቱ ከተወዛወዘ ገና ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይቆረጣል። በመኸር የመጀመሪያው ከባድ ውርጭ ዳሊያውን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ቀዝቃዛ በሆነው አካባቢ ገበሬው ድንች የሚመስለውን ሥር ቆፍሮ አውጥቶ እስከ ጸደይ ያስቀምጠዋል።

ከማምረቱ ይልቅ መሸጡ ይከብዳል። ቅዳሜ በገበሬዎች ገበያ ዝናብ ከጣለ፣ ያልተሸጠው አበባ ለሚቀጥለው ሳምንት አይደርስም። ለዚህ ነው ብዙዎች ደንበኛን አስቀድመው የሚመዘግቡት። ደንበኛው በክረምት፣ ለዘር መግዣ ገንዘብ በሚያስፈልግበት ጊዜ ይከፍላል። ወቅቱ ሲደርስ በየሳምንቱ አንድ እቅፍ አበባ ይወስዳል። የቀረው ለአበባ ሱቆችና ለሰርግ ይሄዳል። መንገድ ዳር አበባና የገንዘብ ሣጥን ብቻ አስቀምጠው የሚሄዱም አሉ።

ትልቁ ፈተና የበዓላቱ ቀን ነው። አበባ በጣም የሚሸጥበት የቫለንታይን ቀን ፌብሩዋሪ 14 ነው፤ በሰሜኑ ያኔ ማሳው በረዶ ለብሷል። የእናቶች ቀን በሜይ ሁለተኛው እሑድ ይውላል፤ ያኔም የአበባው ወቅት ገና መጀመሩ ነው። ቱሊፕና ማሞቂያ የሌለው የላስቲክ ቤት ዋጋ የሚያወጡት ለዚህ ነው።

ለእኛ ግን ቀኑ ይገጥማል። እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ሲገባ ዳሊያው፣ ዚኒያውና የሱፍ አበባው በአንድ ላይ የሚፈኩበት ጊዜ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያለው ሐበሻ ለበዓሉ ቢጫ አበባ ሲያምረው ከአካባቢው ገበሬ ቢገዛ ደስ ይለኛል። ብዙ ለሚፈልግ፣ በተለይ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለማኅበር፣ ከሳምንታት በፊት መንገር ይሻላል። ገበሬው የሚዘራውን የሚወስነው ከወራት በፊት ነውና፣ በጁን ላይ ቢነገረው ደግሞ ለቀኑ ብሎ የሱፍ አበባ ሊዘራ ይችላል።