ብረቱ የስዊድን፣ በሩ የኖርዌይ፦ ስለ ሰሜኑ ማዕድንና ስለ ጦርነት በስህተት የምናወራቸው

ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ውርጩ ሲጠና ቡና ቤቱ ይሞላል። ሰሞኑን የተነሳው ወሬ ስለ መዘዞ ኦፓል ነበር። ከዚያ ሳናስበው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባን። አንዱ ወንድማችን «ማዕድን ያለው አይሸነፍም። ሂትለር ኖርዌይን የወረረው ለምን ይመስላችኋል?» አለ። ሌሎቹም ጨመሩበት። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ፤ ካሉት ውስጥ ግን ብዙው ትክክል አይደለም። ይሄን ታሪክ ለዓመታት ሳነበው ስለኖርኩ አንድ በአንድ ላስቀምጠው። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሂትለር ኖርዌይን የወረረው ብረቷን ፈልጎ ነው»

ብረቱ የስዊድን ነው። የሚወጣው በሰሜን ስዊድን ጫፍ፣ ኪሩናና አካባቢዋ ነበር። ጀርመን በጦርነቱ ዋዜማ ከስዊድን በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ቶን ገደማ የብረት ማዕድን ታስገባ ነበር። ሙቀት ባለበት ወራት ማዕድኑ ሉሌኦ ከምትባል የስዊድን ወደብ ይጫናል። ብርዱ ሲገባ ግን እዚያ ያለው ባሕር በረዶ ሆኖ ይዘጋል። ያኔ ባቡሩ ወደ ምዕራብ፣ ናርቪክ ወደምትባል የኖርዌይ ወደብ ይዞራል። ናርቪክ ከሉሌኦ ይልቅ ወደ ሰሜን ትርቃለች። ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቅ ያለ ውሃ ስለሚደርሳት ግን ባሕሯ አይዘጋም። ስለዚህ ጀርመን ከኖርዌይ የፈለገችው በሩን ነው። የባሕር ኃይሏ አዛዦች ደግሞ ለመርከቦቻቸው ወደ አትላንቲክ የሚያወጣ ወደብ ይፈልጉ ነበር።

የሸዋ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ወይም አፈር ሲናድ ከደሴ የመጣው ሲኖ ሁሉ ተደርድሮ ይቆማል። ጭነቱ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ መንገዱ ካልተከፈተ ንቅንቅ የለም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስም የእኛ ሰዎች ያዘገዩት እዚያው ጣርማ በር ላይ መንገዱን በፈንጂ ንደው ነው።

«ያንን ብረት የተመኘችው ጀርመን ብቻ ናት»

አይደለም። በ1939 መጨረሻ ሶቭየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ እንግሊዝና ፈረንሳይ ፊንላንድን የሚረዳ ጦር ለመላክ አቀዱ። መንገዱ በናርቪክ ገብቶ በስዊድን የብረት ማውጫዎች በኩል የሚያልፍ ነበር። እግረ መንገዳቸውን ማውጫዎቹን ለመያዝ ማለት ነው። መጋቢት 1940 ላይ ፊንላንድ ሰላም ስትፈርም ሰበቡ ጠፋ። ሚያዝያ 8 ቀን እንግሊዞች በኖርዌይ የባሕር ክልል ፈንጂ አጠመዱ። የጀርመን መርከቦች ግን ቀድመው ጉዞ ጀምረው ነበር። በማግስቱ ወረራው ሆነ። ኖርዌይና ስዊድን ሁለቱም ገለልተኛ ነን ያሉ አገሮች ነበሩ።

«ናርቪክን የያዘ ብረቱን አገኘ»

እኔም ድሮ እንዲህ ነበር የሚመስለኝ። ጀርመን ናርቪክ ላይ ብቻ 10 አጥፊ የጦር መርከቦች አጣች፤ ከነበሯት ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። እንግሊዝና አጋሮቿ ግንቦት 28 ከተማዋን መልሰው ያዙ። ፈረንሳይ እየወደቀች ስለነበር ብዙም ሳይቆዩ ጥለው ወጡ። ወደቡ ግን ፈራርሶ ነበርና ለወራት ምንም አልተጫነበትም። በዚያ ላይ ጀርመን የፈረንሳይን የሎሬን ብረት ስለያዘች ናርቪክ የቀድሞውን ያህል አታስጨንቃትም ነበር።

በኒኬልም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ኒኬል ጠንካራ ብረት ለመሥራት ያስፈልጋል፤ ያኔ የፊንላንድ በነበረችው ፔትሳሞ ይወጣ ነበር። ጀርመን ያንን ለመጠበቅ ብዙ ጦር ዋልታው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ጥቅምት 1944 ሶቭየቶች ወሰዱት። ጦርነቱ ሲያልቅ ኖርዌይ ውስጥ ብቻ ከ300,000 በላይ የጀርመን ወታደር ነበር። በርሊን ስትወድቅ ይሄ ሁሉ ሰው እዚያ ተቀምጦ ነበር።

«ለጦርነት የሚጠቅመው ወርቅና ነዳጅ ነው»

ክሪዮላይት የሚባል ድንጋይ አለ። አሉሚኒየም በሚመረትበት ጊዜ የአሉሚኒየሙን ጥሬ ዕቃ የሚያሟሟው እሱ ነው። አውሮፕላን ደግሞ ያለ አሉሚኒየም የለም። ድንጋዩ በብዛት የሚወጣው ግሪንላንድ ውስጥ፣ ኢቪግቱት ከምትባል ትንሽ ቦታ ነበር። የግሪንላንድ ገዢ ዴንማርክ በጀርመን ስትያዝ አሜሪካ ግሪንላንድን ለመጠበቅ ከቸኮለችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄው ነው።

«ማዕድን መከልከል ጠላትን ያስቆማል»

የሚከለከለው የሚቸግረው ከሆነ ነዋ! በ1928 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል አሉሚኒየም ከተከለከሉት አንዱ ነበር። ጣሊያን ደግሞ አሉሚኒየም አላነሳትም። ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን ሳይከለከል ቀረ። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

«እዚያ ሩቅ ቦታ ማን ይኖራል?»

ይሄኛው አስተያየት ነው በጣም ያሳዘነኝ። በ1944 መኸር ጀርመኖች ከሰሜን ኖርዌይ ሲያፈገፍጉ የፊንማርክን ቤቶች አቃጠሉ። ወደ 50,000 ሰው በግድ ከቀዬው ተነሳ። እዚያው ኪርኬነስ ከምትባል ከተማ አጠገብ ግን ቢዮርኔቫትን የሚባል የብረት ማውጫ ነበር። ወደ 3,000 የሚሆኑ ሰዎች ዋሻው ውስጥ ገብተው ተደበቁ። ሽማግሌው፣ እርጉዟ፣ ከብቱም ሳይቀር።

የእኛ አገር ሰው ዋሻ ሲባል ዘረት ትዝ ይለዋል። በ1931 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ሸዋ ዋሻ ውስጥ የተጠለለውን ሕዝብ ጣሊያን በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጀው። ስለ ቢዮርኔቫትን ሳነብ መጨረሻው እንደዚያ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። አልሆነም። የሶቭየት ወታደሮች ደርሰው ሰዎቹ ከዋሻው ወጡ። እዚያ ጨለማ ውስጥ 10 ሕፃናት ተወልደው ነበር።