ከኪልት ሥር የሚለበሰው «ትሩስ» ምንድን ነው? ዕድሜውስ በምን ይታወቃል?

ኪልት የሚባለውን የወንድ ቀሚስ የለበሰ ስኮትላንዳዊ ያየ ሰው ሁሉ አንዲት ጥያቄ ምላሱ ላይ ትመጣበታለች። ከሥር ምን ለብሶ ይሆን? ጥያቄዋ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥም አርጅታለች። ሰርግ ላይ ሁለት ብርጭቆ የቀማመሰ እንግዳ ማንሣቱ አይቀርም። መልሱም በአብዛኛው ቀልድ ነው።

ቀልዱን ለነሱ እንተውላቸው። ከኪልት ሥር የሚለበስ ልብስ በእርግጥ አለ። ስምም አለው። በአሮጌ ልብስ ገበያም ይዞራል፤ ሻጩ ታዲያ «የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው» ብሎ ዋጋውን ሊቆልል ይችላል። እውነት ይሁን አይሁን ለማወቅ ልብሱን ገልብጦ ማየት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

ስሙ ትሩስ ነው። ቃሉ ከጌሊክ፣ ከስኮትላንድ ደገኞች ቋንቋ የመጣ ነው። ትሩስ መጀመሪያ ረጅም፣ እግር ላይ ልክክ የሚል የታርታን ሱሪ ነበር። ታርታን ያ መስመሩ እየተጠላለፈ ካሬ የሚሠራው የሱፍ ጨርቅ ነው። ፈረስ የሚጋልብ ሰው በኪልት አይመቸውም፤ ስለዚህ ትሩሱን ያጠልቃል። በ1881 የብሪታንያ ጦር እንደገና ሲደራጅ የስኮትላንድ ቆለኛ ሬጅመንቶች፣ ማለትም የጦር ክፍሎች፣ ትሩስ እንዲለብሱ ተደረገ። ደገኞቹ በአብዛኛው በኪልታቸው ጸኑ።

የዚህ ረጅም ሱሪ ታናሽ ደግሞ አለ። ከዚያው ከታርታን የሚሰፋ፣ ታፋ ላይ የሚቀር፣ ከኪልት ሥር የሚደበቅ አጭር ሱሪ ነው። እሱንም ትሩስ ይሉታል። በኛ ቋንቋ ነገሩ ይቀላል፤ «ግልገል ሱሪ» የሚለውን ቃል ያወጣ ሰው ይባረክ። ትልቁ ትሩስ ወለደ፣ ግልገሉ ከኪልት ሥር ገባ። በዚህ ጽሑፍ ትሩስ ስል ግልገሉን ነው።

ማን ነበር የሚለብሰው? መጀመሪያ የማይለብሰውን ልንገራችሁ። በጥንቱ ጊዜ ደገኛው ትልቁን ጨርቅ ወገቡ ላይ በቀበቶ አስሮ ቀሪውን ትከሻው ላይ ይጥላል። ከሥር ያለው ረጅም ሸሚዝ ነው። ሸሚዙ ታፋ ድረስ ስለሚወርድ ሌላ ነገር አያስፈልግም። በኋላ ኪልቱ አጠረ፤ ከኋላ ሽንሽን፣ ከፊት ልሙጥ ሆነ። ለአንድ ኪልት እስከ ስምንት ያርድ ጨርቅ ይሄድበታል፤ ሰባት ሜትር አልፎ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሱፍ ወገቡ ላይ የጠቀለለ ሰው ብርድ እንደልቡ አያገኘውም። ወታደሩ ዘንድ ደግሞ ባዶ መሆን እንደ ወግ ተያዘ። ከሥር ምንም ያልለበሰ ሰው «ሬጅመንታል ነው»፣ እንደ ጦር ክፍሉ ወግ ነው፣ ይባላል። አለቃው በዱላ ጫፍ መስታወት አስሮ ይፈትሽ ነበር የሚል ጨዋታም አለ። ጨዋታ ነው ብላችሁ ውሰዱት።

ሁሉም ግን ደፋር አልነበረም። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንብራን ሲጎበኙ ኪልት ለበሱ፤ ከሥር ግን የሥጋ ቀለም ያለው ጥብቅ ታይት አጠለቁ። መሳቂያ ሆኑ። በ2010 ደግሞ በስኮትላንድ ታርታን ላይ የሚሠራ ድርጅት ኃላፊ ባዶውን መሆን ልጅነት ነው፣ ንጽሕናም የለውም ብለው ተናገሩ። በተለይ ኪልቱ የኪራይ ከሆነ። እኔ በዚህ ከሳቸው ጋር ነኝ።

ትሩስ የሚለብሱት ጨፋሪዎች፣ ልጆች፣ በአንዳንድ ሬጅመንቶችም ወታደሮች ናቸው። የሃይላንድ፣ የደገኞቹ፣ ጭፈራ ዝላይና እግር ማንሣት ነው፤ ሽንሽኑ ዣንጥላ ሆኖ ይከፈታል። ስለዚህ ለጨፋሪ ጠቆር ያለ የውስጥ ሱሪ ግድ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ እንኳ ገበያ ላይ ይጠቅማችኋል። «ከጉድጓድ ምሽግ የመጣ የወታደር ትሩስ» ያላችሁ ሰው የማስረዳት ዕዳው የሱ ነው። ጠባብና ትንሽ ከሆነ ደግሞ ምናልባት የአሥራ ሁለት ዓመት ጨፋሪ ልብስ ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው። መርሁ አንድ ነው፤ ልብስ የሚቆጠረው በታናሹ አካሉ ነው። ጨርቁ መቶ ዓመት ቢሆነው፣ ከመጀመሪያው የተሰፋበት ክር ናይለን ከሆነ ትሩሱ ከ1938 በፊት ሊሆን አይችልም። ናይለን ለዓለም የተነገረው በዚያ ዓመት ነዋ። ብሪታንያ ውስጥ የናይለን ክር የሚያመርተው ድርጅት የተቋቋመውም በ1940 ነው።

እንበልና አንድ ትሩስ እጃችሁ ገባ። ጥቁር አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ወገቡ ላይ ነጭ የጥጥ ገበር ያለው። ገልብጡትና ከወገቡ ጀምሩ። ላስቲክ አለው? ላስቲኩ ሲሳብ የሚንኮሻኮሽ፣ ደርቆ የሞተ ነው ወይስ አሁንም ይመለሳል? ላይክራ የሚባለው ተለጣጭ ክር ካለበት ከ1958 በኋላ ነው፤ ክሩ የተፈጠረው ያኔ ነው።

ላስቲክ ከሌለው፣ ቁልፍና ማሠሪያ ብቻ ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁልፍ ሲያይ «የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን!» ይላል። ቆዩ። በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና ሲንጋፖርን ስትይዝ የጎማው ምንጭ ተዘጋ። ብሪታንያ ውስጥ ላስቲክ እንደ ወርቅ ሆነ፤ የወንድ ውስጥ ሱሪም ወደ ቁልፍ ተመለሰ። ስለዚህ ባለ ቁልፍ ትሩስ የ1890ም የ1943ም ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

የእጅ ስፌትም እንደዚያው ያታልላል። በእጅ ተሰፍቷልና ጥንታዊ ነው የሚባል ነገር የለም። ጥሩ ኪልት ሰፊ ዛሬም ሽንሽኑን በእጁ ነው የሚሰፋው። የመኪና ስፌትም አዲስነትን አያሳይም። ስሙን ሁላችንም የምናውቀው ሲንጀር እዚያው ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ላይ ግዙፍ ፋብሪካ የከፈተው በ1885 ነው።

ወገቡን ከጨረሳችሁ ሌብሉን ፈልጉ። ከሁሉ በላይ የሚናገር እሱ ነው። ሁለት «ሲ» ፊደል እና 41 ቁጥር የታተመበት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ፊደሎቹ ቁራሽ የተነሣለት ክብ አይብ ስለሚመስሉ እንግሊዞች «አይቦቹ» ይሉታል። በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ልብስ ሲመጥን ያወጣው ምልክት ነው። ከ1941 እስከ 1952 ብቻ ነው የቆየው። ከአሥር ዓመት ትንሽ የሚበልጥ መስኮት ማለት ነው። ከዚህ የጠበበ መረጃ ከወታደር ማኅተም ውጭ አታገኙም።

የወታደር ማኅተም ስል፣ መሬት ላይ የቀረ የዶሮ እግር ዱካ የሚመስል ቀስት አለ። የመንግሥት ንብረት ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ልክ፣ የአምራች ስምና ዓመት በቀለም ይታተማል። ዓመቱ ከተነበበ ሥራችሁ አለቀ። ቀስቱ ግን ብቻውን ዘመን አይቆርጥም፤ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረ ምልክት ነው።

ከቀስቱ ይልቅ በ8420 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካያችሁ «የአንደኛው ጦርነት» ወሬ እዚያው ያበቃል። ያ የኔቶ የዕቃ ቁጥር ነው፤ አሥራ ሦስት አሃዝ አለው። 8420 የወንድ የውስጥና የሌሊት ልብስ ክፍል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው 99 ብሪታንያ ማለት ነው። ኔቶ ራሱ የተመሠረተው በ1949 ነው።

የሲቪል ሌብልም የራሱ አፍ አለው። የልብስ ሰፊው አድራሻ ሙሉ ፖስት ኮድ (የፖስታ መለያ) ካለው ልብሱ ኮዱ ከተሞከረበት ከ1959 በፊት አይሆንም፤ አገሪቱን ያዳረሰውም በ1974 ነው። የኤድንብራ ስልክ በ031 ከጀመረ ከ1995 በፊት የታተመ ነው፤ ያን ዓመት 0131 ሆኗል። ግላስጎውም ከ041 ወደ 0141 የተሻገረችው ያኔ ነው። «ይህን ያህል ከመቶ ሱፍ፣ ይህን ያህል ፖሊስተር» የሚል ጽሑፍ ግዴታ የሆነው በ1970ዎቹ ነው። የማጠቢያ ገንዳና የካውያ ሥዕልም የኋላ ዘመን ነገር ነው።

ሌብል የለውም? የባለቤቱን የቀለም ጽሑፍ ፈልጉ። ወታደር ልብሱ በእጥበት እንዳይጠፋበት ቁጥሩን ይጽፍበታል። ሰባት አሃዝ ከሆነ ከ1920 በኋላ ነው፤ ለመላው ሠራዊት የሚያገለግል ቁጥር የመጣው ያኔ ነው። የሬጅመንት ስምም ይረዳል። ሲፎርዝ እና ካሜሮን ሬጅመንቶች በ1961 ተዋሕደዋል። ጎርደን በ1994 ስሟን አጣች።

ግልገሉ ታርታን ሳይሆን ነጭ የጥጥ ሹራብ፣ ፊቱ ላይ የተገለበጠ የ«ዋይ» ፊደል ያለው ከሆነ ደግሞ ትሩስ አይደለም፤ ተራ ሙታንታ ነው። ይህ ቅርጽ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ በ1935 ተሸጠ። ወደ ብሪታንያ ያመጣው ግን የስኮትላንድ ኩባንያ ነው፤ የሹራብ ከተማ የሆነችው ሃዊክ ያለው ላይል ኤንድ ስኮት፣ በ1938።

ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ካላችሁ ነጩን ገበር በጨለማ አብሩበት። ፍክት ብሎ ካበራ ከሁለተኛው ጦርነት ወዲህ በተስፋፋ የማንጫ ኬሚካል ተነክቷል። ይህ ግን ልብሱ አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ የሆነ ሰው ባለፈው ወር በዱቄት ሳሙና አጥቦት ሊሆን ይችላል። የማይፈካ ከሆነ ነው ደስ የሚለው።

መጠገኑንም አትርሱ። ወገቡ ላይ ያለው ላስቲክ የትናንት ሆኖ አጠገቡ ባዶ የመርፌ ቀዳዳ በመስመር ካለ፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገብቷል። ያኔ ላስቲኩን ትታችሁ ቀዳዳዎቹን ተከተሉ። ሰልባጅ ገበያ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጥሩ ጃኬት ዚፑ ሦስት ጊዜ ይቀየራል፣ ጃኬቱ ያው ነው።

ይህን ሁሉ የምታደርጉት ታዲያ ሳታጥቡት ነው። የድሮ የማኅተም ቀለም አንድ ሙቅ ውኃ ሊያጠፋው ይችላል። መጀመሪያ ፎቶ አንሡ፣ ከውስጥም ከውጭም።