ጎመኑን የሚጨርሰው ቀንድ አውጣ፦ የሚባለውና እውነታው

ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ የጓሮ አትክልት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምሬት ይይዘዋል። ማታ ደህና የነበረው የሰላጣ ችግኝ ጠዋት አገዳው ብቻ ቆሞ ይገኛል፤ አፈሩ ላይ ደግሞ ደርቆ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ይታያል። ምክሩም ወዲያው ይጎርፋል። ጨው በትኑበት፣ አመድ ክበቡት፣ የቡና አተላ ድፉበት፣ መድኃኒት እርጩበት። መካሪው ከልቡ ነው፤ ብዙው ምክር ግን ችግኙን አያድንም፣ አንዳንዱም አፈሩን ያበላሻል። ቀንድ አውጣ ስል ዛጎል ያለውንም ዛጎል የሌለውንም ማለቴ ነው፤ አኗኗራቸውም ጉዳታቸውም ተመሳሳይ ነውና።

«የተበሳ ቅጠል ሁሉ የቀንድ አውጣ ሥራ ነው»

አይደለም፤ ጥፋተኛውን ሳይለዩ መዝመት ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ቅጠሉን ገልብጡና እዩ። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ፍርፋሪ የመሰለ ኩስ ካለ አባጨጓሬ ነው። ችግኙ ከሥሩ ተቆርጦ ሙሉውን መሬት ላይ ከተጋደመ ቆራጭ ትልን ጠርጥሩ፤ በዙሪያው ያለውን አፈር በጣት ጫር ጫር ሲያደርጉት ተጠቅልሎ ይገኛል። ቀንድ አውጣ የሚተወው ቀዳዳ ቅርጽ የለሽ ነው፤ ምላሱ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ጥርሶች ስላሉት ቅጠሉን የሚበላው እየፋቀ ነው። ልጋጉ ካልታየ እርግጠኛ አትሁኑ። ከመሸ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዞ መውጣት ክርክሩን ይዘጋዋል፤ ሌባው እዚያው ቅጠሉ ላይ ይገኛል።

«ፀረ ተባይ ከተረጨ ያልቅለታል»

ቀንድ አውጣ ነፍሳት አይደለም። ዝምድናው ከባሕር ዛጎልና ከኦክቶፐስ ጋር ነው። ለክሽክሽና ለአባጨጓሬ የተሠሩት አብዛኞቹ መድኃኒቶች ታስበው የተቀመሙት ለነፍሳት በመሆኑ እሱን እምብዛም አይነኩትም። የሚነኩት የእሱን ጠላቶች ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ አኩሪ አተር ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ዘሩ በፀረ ነፍሳት መድኃኒት ታሽቶ ሲዘራ ዛጎል የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች ቡቃያውን በልተው ምንም አልሆኑም፤ እነሱን የበሉት የመሬት ጥንዚዛዎች ግን በሰውነታቸው በያዙት መርዝ ተጎዱ። ውጤቱም ብዙ ቀንድ አውጣና ዝቅ ያለ ምርት ሆነ። በጓሯችን ድንጋይ ሲነሣ የሚሮጠው ጥቁር ጥንዚዛ ወዳጅ ነውና አትርገጡት። ጓጉንቸርም እንዲሁ፤ መልኳ ባያምርም ሌሊቱን የምታድረው የእኛን ሥራ ስትሠራ ነው።

«ጨው ፍቱን ነው»

የነካውን በእርግጥ ይገድላል፤ ከሰውነቱ ውኃውን መጥጦ ያደርቀዋል። ነገር ግን ያው ጨው በዝናብ ሟሙቶ አፈሩ ውስጥ ይገባና የጎመኑንም ሥር ውኃ ይነሣዋል። በየሳምንቱ ጨው የሚበተንበት መደብ ቆይቶ ምንም የማያበቅል ይሆናል። ለአንድ ሰሞን ችግኝ አፈርን መክፈል አይገባም።

«አመድ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ አያሳልፉትም»

ይህ በጣም የተወደደው ምክር ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

አመድ ደረቅ ሲሆን ይሠራል። ልጋጉን ስለሚመጥበት ቀንድ አውጣው መሳብ ይከብደዋል። ችግሩ ቀንድ አውጣ የሚበዛው በክረምት መሆኑ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ዶፍ ሲወርድ አመዱ ጭቃ ይሆንና አጥርነቱ ያበቃል። በየቀኑ መጨመር ደግሞ ጉዳት አለው። የእንጨት አመድ የአፈርን አሲዳማነት ይቀንሳል፤ በልኩ ከሆነ ለብዙ የደጋ አፈር መልካም ነው፣ ሲበዛ ግን አትክልቱን ያቀጭጨዋል።

የእንቁላል ቅርፊትን በተመለከተ፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ልማት ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ሰላጣ ተክሎ ሞክሮታል። የእንቁላል ቅርፊት፣ የመዳብ ጥብጣብ፣ ሸካራ አሸዋ፣ የዛፍ ልጥና የበግ ጠጉር እንክብል በየተራ ተፈተኑ። አንዳቸውም ያለ ምንም ከለላ ከተተከለው ሰላጣ የተሻለ አላዳኑም። ይህ አያስገርምም፤ ቀንድ አውጣ ራሱ በሚያመነጨው ወፍራም ልጋግ ላይ ስለሚንሸራተት በስለት ጠርዝ ላይ እንኳ ሳይቆረጥ ያልፋል።

ቡናውስ? የዚህ ወሬ መነሻ እውነተኛ ነው። በሃዋይ የነበሩ ተመራማሪዎች ካፌይንን እንቁራሪት ላይ ሲሞክሩ በአጋጣሚ ቀንድ አውጣዎቹም እንደሚሞቱ አዩ፤ ውጤቱንም በ2002 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ነገር ግን የገደላቸው ከ1 እስከ 2 በመቶ ካፌይን ያለው ውሑድ ነው። በተለምዶ የሚጠጣ ቡና ውስጥ ያለው 0.05 በመቶ አካባቢ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ የወጣለት አተላ ደግሞ ምን ይቀረዋል? አተላውን መጣል ግን ያሳዝናል፤ ብስባሽ ውስጥ ጨምሩት፤ እዚያ ሥራ አለው።

«እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ስለዚህ ጎመኑ ላይ ይረጭ»

እዚህ ላይ የአገራችን ትልቅ ግኝት ካለቦታው እየተጠቀሰ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወራጅ ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። ከዚያ የተጀመረው ምርምር እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የውኃ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ፤ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ሁለት ሳይንቲስቶች ከልብስ ማጠቢያ ወንዝ ዳር ተነሥተው እዚያ መድረሳቸው የሚያኮራ ነው።

ይሁን እንጂ የውኃው ቀንድ አውጣ መላ ሰውነቱ እንዶዱ በሟሟበት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይውላል፤ ማምለጫ የለውም። የጓሮው ቀንድ አውጣ ቀን አፈር ውስጥ ወይም ከድንጋይ ሥር ተደብቆ ይውላል፤ ቅጠል ላይ የተረጨውም በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል። ትርፉ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ሲወርድ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ልጆች ባሉበት ግቢ አይመከርም።

ከዚሁ ጋር የሚነሣ ሌላ ፍርሃት አለ፤ የጓሮ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ ያስይዛል የሚል። አያስይዝም፤ የቢልሃርዝያ ትል የሚራባው በወንዝና በሐይቅ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ሰውንም የሚይዘው ውኃ ውስጥ ሲገባ ነው። ቢሆንም ቀንድ አውጣ የተራመደበት ሰላጣ ሌሎች ጥገኛ ትሎችን ሊይዝ ስለሚችል ቅጠል በቅጠል ይታጠብ፤ ሲለቅሙም ጓንት ይደረግ።

«በጋ ሲገባ ያልቃሉ»

አይጠፉም፤ ይተኛሉ። ዛጎል ያለው በሩን በደረቀ ልጋግ አሽጎ ግንብ ላይ ወይም ግንድ ሥር ተለጥፎ ይከርማል፤ ዛጎል የሌለው ጠልቆ አፈር ውስጥ ይገባል። ትዕግሥታቸው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የብሪቲሽ ሙዚየምን ታሪክ መስማት ይበቃል። ከግብፅ የመጣ የበረሃ ቀንድ አውጣ ሞቷል ተብሎ በ1846 እ.ኤ.አ. ካርቶን ላይ ተጣብቆ ለኤግዚቢሽን ተቀመጠ። በ1850 ሠራተኞች ካርቶኑ ላይ የልጋግ ምልክት አይተው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ራሱን አወጣ።

ስለዚህ ጥር የካቲት ላይ ጥግ ጥጉን መፈተሽ ብልህነት ነው። ያን ጊዜ የሚለቀም አንድ ቀንድ አውጣ በሰኔ ከሚለቀሙ ብዙዎች ይበልጣል፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው ወንድም ሴትም ስለሆኑ የተረፈው ሁሉ እንቁላል ይጥላል።

«ለቅሜ ከአጥር ማዶ ወረወርኩት»

ጎረቤትን ማስቀየሙ ሳያንስ ይመለሳል። በእንግሊዝ አገር ዛጎላቸው ላይ ቀለም ተቀብቶ የተለቀቁ ቀንድ አውጣዎች ወደነበሩበት ጓሮ ሲመለሱ ታይቷል፤ ከ20 ሜትር በላይ ካልራቁ ተስፋ አይቆርጡም። የሳሙና ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ መጨመር ይሻላል።

«ዶሮ ካለ ችግር የለም»

ዶሮ ትናንሾቹንና እንቁላላቸውን ትለቅማለች፤ ችግኙንም አብራ ትጭራለች። መደቡ ተቆፍሮ ገና ሳይተከል ስትገባ ትጠቅማለች፤ ከተተከለ በኋላ ግን ትታገድ።

«ሰማያዊው እንክብል ምንም አይል»

ሜታልዲሃይድ የተባለው የቀንድ አውጣ መርዝ ያለበት እንክብል ውሻን ይገድላል፣ ወፎችንም ይመርዛል። ብሪታንያ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይበተን ከልክላለች። የግድ እንክብል ካስፈለገ በብረት ፎስፌት የተሠራው ይሻላል፤ እሱንም ሳሳ አድርጎ መበተን እንጂ መከመር አያስፈልግም።

«አትክልት ውኃ የሚጠጣው ማታ ነው»

ለእኔ ከሁሉም ስሕተት ትልቁ ይህ ነው፤ የሚታረመውም ያለ ምንም ወጪ ነው። ቀንድ አውጣ የሚንቀሳቀሰው ሌሊት፣ መሬቱ ሲርስ ነው። ማታ ማጠጣት ከመደብቂያው እስከ ሰላጣው ድረስ መንገዱን እያራሱ ማዘጋጀት ይሆናል። ዝናብ በማይኖርበት ጊዜ ጠዋት በማለዳ ካጠጣን ሲመሽ የአፈሩ ገጽ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ርጥበቱን ይዞ ይቆያል።

ክረምት ላይ ዝናቡን ማዘዝ ስለማይቻል መደብቂያውን እንቆጣጠር። በመደቡ ዳር ያለውን አረም፣ የወዳደቀ ጣውላና የተሰባበረ ሸክላ እናንሣ። ከዚያ እኛው የመረጥነውን አንድ መደብቂያ እንስጠው፤ ማታ የረጠበ ጆንያ መደቡ መካከል አንጥፈን ከሥሩ የጠወለገ የጎመን ቅጠል እናድርግ። ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ጆንያው ሲገለጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ችግኙም ገና ሁለት ቅጠል ሳለ ወደ መደብ አይውረድ፤ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ጠረጴዛ ወይም ግንብ ላይ በጣሳ ይደግ። በመኮትኮት ጊዜ ደግሞ ከአፈሩ ውስጥ ተጠጋግተው የተቀመጡ ነጫጭ፣ ክብ፣ ብርሃን አሳላፊ ፍሬዎች ከታዩ የማዳበሪያ ቅንጣት መስለዋችሁ አትለፏቸው። የቀንድ አውጣ እንቁላሎች ናቸው፤ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጧቸው።