5.02 የሚለው ቁጥር የማን ነው?

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ የሚማሩ ልጆችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰርን የተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ፕሮቶንን በ13 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) አጋጨ። ከባዱን የእርሳስ ብረት ኒውክለስ፣ ማለትም የአቶሙን እምብርት፣ ግን በ5.02። ታዲያ እንዴት አነሰ?

ኧረ አላነሰም! ለእርሳስ የሚጻፈው የአንድ ጥንድ ኑክሊዮን ድርሻ ብቻ ነው። ኑክሊዮን ማለት በኒውክለስ ውስጥ ያለ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ነው። አንዱ የእርሳስ ኒውክለስ 208 ኑክሊዮን ስላለው፣ የግጭቱ ጠቅላላ ጉልበት ከ1,000 ቴራ ይበልጣል። አንድ ቴራ ባሕር ዳር ማታ ጆሮ ሥር የምትጮኸው ቢምቢ ስትበር ያላትን ጉልበት ያህላል። ትንሽ ናት፤ ግን እዚህ የታጨቀችው ከአቶም እጅግ ባነሰ ቦታ ነው።

ድርሻውስ ለምን ዝቅ አለ? የሰርን ማጋጫ ማሽን የሚገፋው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለውን ነው። ከ208ቱ ቻርጅ ያላቸው 82ቱ ፕሮቶኖች ብቻ ናቸው። 126ቱ ኒውትሮኖች ያው ተጎትተው ነው የሚሄዱት።