ልጆች አፕ መሥራት ሲማሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ተማሪዎችን የስልክ አፕ መሥራት አስተምራለሁ ስል፣ ከወላጅም ከመምህርም የሚመጣልኝ አስተያየት ይመሳሰላል። አብዛኛው አስተያየት እንኳ አይደለም፤ አስቀድሞ ያለቀ ፍርድ ነው። ደጋግመው የሚነሱትን እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ልጄ ስልክ ከእጁ አይለይም፤ ይሄማ ይቀለዋል»

አይቀለውም። ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ መካኒክ ቢሆን ኖሮ ጋራዥ ባላስፈለገ። እንዲያውም ስልክ ይዘው ያደጉ ልጆች ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ ፎልደር ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይመጣሉ። ስልኩ ይህን ሁሉ ደብቆላቸዋል። አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው፤ አሰልቺ አፕ ለመለየት የሚያህላቸው የለም። የጓደኛቸውን ሥራ ሲተቹ ርኅራኄ የላቸውም።

«ሒሳብ ላይ ደካማ ከሆነ ባይሞክረው ይሻላል»

ለጀማሪ አፕ መደመር፣ መቀነስና ማወዳደር ይበቃል። «ነጥቡ ከ10 በለጠ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የቻለ ልጅ መጀመር ይችላል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ አንድን ሥራ ምንም ሳይዘሉ በቅደም ተከተል መናገር። እዚህ ላይ የሒሳብ ጎበዞቹም ይንገዳገዳሉ።

ኳስ የምታነጥር ጌም ልሥራ ያለ ልጅ ግን ኤክስና ዋይን ሳይወድ በግድ ያገኛቸዋል። ስልክ ላይ ደግሞ ዋይ የሚያድገው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ደብተር ላይ ከተማሩት የተገለበጠ። ወደ ላይ የላካት ኳስ ወደ ታች ስትወርድበት፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያላነሳውን ጥያቄ ያኔ ያነሳል።

«ብሎክ መገጣጠም የሕፃን ጨዋታ ነው፤ እውነተኛ ኮድ ይጻፉ እንጂ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብሎክ ማለት አንድ ትእዛዝ የተጻፈበት፣ በማውስ እየጎተቱ ከሌላው ጋር የሚገጥሙት ቁራጭ ነው። ፕሮግራሚንግን ለልጆች ማቅለል የዛሬ ሐሳብ አይደለም፤ ሎጎ የተባለው የልጆች ቋንቋ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ልጆች ብሎክ እየገጣጠሙ ጌምና ታሪክ የሚሠሩበት ስክራች በ2007 መጣ። በብሎክ አፕ የሚሠራበትን አፕ ኢንቬንተርን ደግሞ ጉግል በ2010 ይፋ አደረገው፤ በኋላ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ተረከበው።

አንድ ቁልፍና «ነጥብ» የሚባል አንድ ቁጥር ብቻ ያለው አፕ ውሰዱ። ቁልፉ ሲነካ ቁጥሩ በ1 ይጨምራል፤ በቃ። ተማሪዋ ሠርታ ስልክ ላይ ሞከረችው። ነካችው፤ 1። ደግማ ነካችው፤ 1። ሃያ ጊዜ ነካችው፤ አሁንም 1። «ቲቸር፣ ስልኩ ተበላሽቷል!»

ስልኩ ደህና ነው። «ነጥብ 0 ይሁን» የሚለውን ብሎክ፣ ቁልፉ ሲነካ ከሚሠሩት ብሎኮች መሃል ከታዋለች። በተነካ ቁጥር መጀመሪያ ወደ 0 ይመለሳል፣ ከዚያ 1 ይጨመርበታል። ይህን ለመናገር ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤ እኔ ግን አልናገርም። ወረቀት እሰጣትና «ቁልፉ ተነካ በይ፤ ብሎኮቹን ከላይ ጀምረሽ እያነበብሽ ነጥቡ ስንት እንደሚሆን ጻፊ» እላታለሁ። 0 ብላ ትጽፋለች። ከሥሩ 1። «እንደገና ተነካ።» 0 ብላ ልትጽፍ ስትል እርሳሷ አየር ላይ ይቀራል። «ውይ!»

ይህ ስህተት በጽሑፍ አፕ በሚሠራባቸው ቋንቋዎች፣ በኮትሊንም በስዊፍትም ቢጻፍ ያው ነው። በጽሑፍ ቢሆን ግን እዚህ ከመድረሷ በፊት የጠፋ ቅንፍ ስትፈልግ ደወል ይደወል ነበር። ብሎክ የሚያስቀረው የፊደል ግድፈትን ነው፤ ማሰቡ እንዳለ አለ። እርግጥ ነው፣ አፑ ሲያድግ ብሎኩ ስክሪኑን ሞልቶ የፈለጉትን ማግኘት ራሱ ሥራ ይሆናል። ልጆቹ «ይሄማ ሰለቸን፣ ብንጽፈው ይፈጥናል» ማለት ሲጀምሩ ወደ ጽሑፍ አሻግሯቸው።

«ለእያንዳንዱ ተማሪ ጠንካራ ኮምፒውተር ከሌለ አይጀመርም»

ኮድ እየጻፉ አፕ የሚሠሩበት አንድሮይድ ስቱዲዮ የተባለው ፕሮግራም ከባድ ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ማስተማር ራስን መቅጣት ነው። አፕ ኢንቬንተር ግን በብራውዘር ይከፈታል። ኪውአር ኮዱን በስልክ ካነበቡት፣ የተሠራው ነገር ወዲያው ስልኩ ላይ ይታያል።

ኮምፒውተር ቢተርፈኝም እንኳ ሁለት ልጅ በአንድ ነው የማስቀምጠው። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው እያነበበ ይከራከራል። በየ15 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ሰዓት ካልተያዘ ግን ማውሱን የያዘ አይለቅም፤ ይህን በደንብ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ ኮምፒውተርም አይፈልግም። እያንዳንዱን ስክሪን ወረቀት ላይ ይስላሉ፤ አንዱ ጣቱን ሲያሳርፍ ሌላው ወረቀቱን ይቀይርለታል። «ተመለስ» የሚለውን ቁልፍ መርሳታቸውን የሚያውቁት ያኔ ነው።

«መምህሩ ሁሉን ማወቅ አለበት»

ሁሉን የሚያውቅ ፕሮግራመርም የለም። «አላውቅም፤ ና አብረን እንፈልግ» ማለት የቻለ መምህር ይበቃል።

«አሁን ኮዱን ኤአይ ይጽፈዋል፤ ምን ያደክማቸዋል?»

እውነት ነው፣ ይጽፈዋል። ያቺኑ የቁጥር አፕ ለአንድሮይድ አጽፉት፤ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ስልኩን አግድም ሲያዞሩት ቁጥሩ 0 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ምክንያቱም አንድሮይድ ካልተከለከለ በቀር ስልኩ ሲዞር ስክሪኑን አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ነገር አብሮ ይጠፋል። ያቺ «ውይ!» ያለች ልጅ ቁጥሩ መጥፋቱን ስታይ «የት ነበር የተቀመጠው?» ብላ ትጠይቃለች። ያላለፈበት ልጅ «አልሠራም» ብሎ ይጽፍለትና፣ ሌላ የማይገባው ኮድ ተቀብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የእኔ ሕግ አጭር ናት፤ ማስረዳት ያልቻልከው መስመር አፑ ውስጥ አይገባም።

«ፕሌይ ስቶር ላይ ካልወጣ ምን ዋጋ አለው?»

አፕ የሚወጣበትን አካውንት ለመክፈት ዕድሜ 18 መሙላት ያስፈልጋል። ግለሰብ በአዲስ አካውንት አፕ ከማውጣቱ በፊት ደግሞ ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲሞክሩት ይጠየቃል። ለሁለት ወር ኮርስ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ለአንድሮይድ፣ አፑ የሚጫንበትን የኤፒኬ ፋይል ለጓደኛ ስልክ መላክ ይበቃል።

እዚያም ቢሆን ጉድ አይጠፋም። ስልክ ለስልክ ተላልከው ሲከፍቱት፣ የጓደኛው ስክሪን አነስ ይልና «ጀምር» የሚለው ቁልፍ የለም። ከስክሪኑ ሥር ወድቋል። «እኔ ስልክ ላይ እኮ ይሠራል!» ይላል ባለቤቱ። የቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ርዕስ ተገኘ።